የባሕር ማዶው ሰላይ በመቱ

ተወልጄ ባደግኩባት በመቱ የአማርኛ መምህርት ሳለሁ፣ የቀበሌያችን ካድሬ አንድ ቀን ከክፍል አስጠርቶ ቴያትር እንድጽፍ አዘዘኝ። የኢምፔሪያሊስቶችን የስለላ ድርጅት የሚያጋልጥ ቴያትር ነው የፈለገው። ለአብዮቱ በዓል መድረስ አለበት አለ።

«ጓድ፣ እኔ እኮ ከጅማ ወዲያ ያለውን አገር አላውቀውም» አልኩት። «የባሕር ማዶ ሰላይ እንዴት እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?»

«የንቃት ጉዳይ ነው» አለኝ። በዚያ ዘመን መልስ ለሌለው ጥያቄ ሁሉ መልሱ ንቃት ነበር።

ቤቴ ገብቼ ብሞክር ብሞክር ስለ ባሕር ማዶ አንዲት መስመር አልመጣ አለኝ። የማላውቀውን መጻፍ ሲያቅተኝ የማውቀውን ጻፍኩ። አንድ ሰላይ ቡና ገዢ መስሎ አንድ መንደር ይገባል፤ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ወስዶ ያጠፋዋል፤ ሚስቱ ከበር በር እየዞረች ባሏን ትጠይቃለች። ሚስቲቱ እንዲህ ትላለች፦ «የቢሮአቸው በር ላይ ስም የለም። ማን እንደሚያዛቸው የሚያውቅ የለም። ለምን እንደወሰዱት ስጠይቅ፣ ለምን እንደጠየቅኩ ይጠይቁኛል። ክሱን ለማን ላቅርብ? ከሳሹም ዳኛውም እነሱ!»

ይህን ለኪነት ቡድኑ ሳነብላቸው ሁሉም ጫማ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ካድሬው ግን ጭኑን መታ። «ድንቅ ነው! የኢምፔሪያሊዝምን ገበና አራቆትሽው! ይህቺን የበሩን ነገር እንዲያውም ድገሚያት» አለኝ። ደገምኳት። ካድሬያችን ቅን ሰው ነበር። መጥፎ ነገር ሁሉ ከባሕር ማዶ እንደሚመጣ ከልቡ ስለሚያምን፣ አገር ውስጥ ያየውን ነገር ከዚያ ጋር የሚያመሳስልበት ዓይን አልነበረውም።

የሚስቲቱን ቦታ ራሴ ወሰድኩ፤ ሌላ ደፍራ የምትናገረው ሴት አልተገኘችም። ሰላዩን እንዲጫወት የተመረጠው ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ልብስ ሰፊ ነበር። የተመረጠበት ችሎታ ጥቁር መነጽር ያለው መሆኑ ነው። ድምፁ እንደ በፍታ የለሰለሰ፣ ዶሮ እንኳ «ሽ» ብሎ የማያባርር ሰው ነበር።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም አለ፤ መቅረት ያስጠይቅ ስለነበር የሕዝቡ የቴያትር ፍቅር ከፍተኛ ነበር። ገና ከመጀመራችን ዝናቡ ወረደ። የኢሉባቦር ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው የሚልህ አይሰማም። ስለዚህ ያን ሁሉ ምስጢር እየጮኽን ነበር የተነጋገርነው። ምስኪኑ ልብስ ሰፊ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር «እኔ በስውር ነው የመጣሁት! ማንም እንዳይሰማ!» እያለ ሲያንባርቅ፣ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። የበሩን ነገር ሳነሳ ከኋላ አንዲት ባልቴት «ዱጉማ!» ብለው ጮኹ፤ በኦሮምኛ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ማለቂያ አጣ። ካድሬውም ሕዝቡ ኢምፔሪያሊዝምን እንዲህ መጥላቱ ልቡን ነክቶት፣ ቆሞ አጨበጨበ።

ያላጨበጨበው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከፊት የተቀመጠ፣ ቀያሹ የምንለው ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ ሥራው መሬት መቀየስ ነበር። ሜትር ይዞ ያየው ሰው ግን የለም። የማን ጆሮ መሆኑን መላው ከተማ ያውቃል፤ እንደሚያውቅ የሚናገር ግን አልነበረም።

በማግሥቱ መልእክት ደረሰን፦ ጸሐፊዋና ሰላዩ ነገ ጠዋት ቀያሹ ቢሮ ብቅ ይበሉ።

አባቴ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። «እዚያ ወለሉ ይበርዳል ይላሉ» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔ ከቀሚሴ በላይ ሌላ ቀሚስ ደርቤ ወጣሁ። ልብስ ሰፊውን ቢሮው በር ላይ አገኘሁት፤ በከረጢት ቆሎ ይዟል።

«ለስንት ቀን ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ መምህርት። ሰፋ አድርጌ ነው የቆላሁት።»

ቢሮው እንደጻፍኩት ነው፣ በሩ ላይ ስም የለም። ቀያሹ ሻይ አስመጣልን። ጋቢዬንም ከረጢቱንም አየና ምንም እንዳላየ ሆነ። እኔ የበሩን ነገር ያነሣል ብዬ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የከነከነው።

«ቴያትሩ መልካም ነው» አለ። «ሰላዩን ግን አዋርዳችሁታል።»

ተያየን።

«ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የኮት ኮሌታ አቁሞ የሚዞር ሰላይ የት አገር ነው ያለው? ሙያ እኮ ነው! ደግሞ ጩኸቱ!»

«ዝናቡ ነው ጌታዬ» አለ ልብስ ሰፊው። «ካልጮኽኩ አልሰማም።»

«የሰላይ ሥራ መሰማት አይደለም፤ መስማት ነው።» ብድግ አለ። «እስቲ ላሳይህ። መምህርት፣ አንቺ ሚስቲቱን ሁኚ።»

ኮቱን ቁልፍ በቁልፍ ፈታ፣ ትከሻውን ጣል አደረገ፣ ወንበሩን አስጠግቶ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ባንድ አፍታ ሌላ ሰው ሆነ። ሁልጊዜ «አንቺ» የሚለኝ ሰው ድምፁን አለስልሶ አንቱ አለኝ።

«እንደምን ሰነበቱ እትዬ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ትንሹ ሳል ይዞት ነበር፤ ተሻለው?»

በጻፍኩት ቴያትር ውስጥ ሳል የያዘው ልጅ የለም። ቤታችን ግን ነበር፤ የእህቴ ልጅ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስል የከረመ።

«ደህና ነው» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ድርጅቱስ ሰው ምን ይላል? እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እኔ ብሆን ኖሮ፣ «አብዮቱን ይጠብቅልን» ብዬ ሻዬን እጠጣ ነበር። የሚጠየቀው ግን እኔ አይደለሁም፤ ባሏ የጠፋባት የገበሬ ሚስት ናት። እሷ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ደፋር ናት።

«ሰውማ ምን ይላል? አፉን ዘግታችሁ ምን ይላል ትላላችሁ» አልኩት። «እናንተን መፍራት ከለመድን ቆየን። የሚያስጠላው ለፍርሃታችን እንኳ ምክንያት አለመንገራችሁ ነው። ባሌን የት አደረሳችሁት? አጥፍቶ ከሆነ ጥፋቱን፣ ሞቶ ከሆነ አፈሩን አሳዩኝ። ይህን የሚጠይቃችሁ አለቃ የላችሁም?»

ልብስ ሰፊው የሻይ ብርጭቆውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

ቀያሹ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፣ «የለንም እትዬ» አለ። «የሚጠይቀን የለም። እኔም ነገ ብወሰድ፣ ሚስቴ የምትጠይቀው ሰው የላትም።»

ከዚያ ብድግ ብሎ ኮቱን መልሶ ቆለፈ። «በቃ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። በዝግታ።»

«የመጨረሻዋንም ቃል ለቴያትሩ ልጻፋት ጌታዬ?» አለ ልብስ ሰፊው በቅንነት።

«አያስፈልግም።»

ቆሏችንን ይዘን ተመለስን። እቤት ስደርስ አባቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ቴያትሩ በየከተማው እንዲዞር ታዘዘና የኢሉባቦሯ ቡሬ ወረድን። ልብስ ሰፊው እንደተማረው ተጫወተ። መነጽር የለ፣ ጩኸት የለ። እየሳቀ ገብቶ የሰውን ልጆች ጤና ጠየቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አለመሳቃቸው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ከኋላ ያሉት አንድ ባንድ እየተነሡ ከብት ሊያስገቡ ወጡ፤ ከብት የሌለው ነጋዴም ሳይቀር።

ካድሬው ተቆጣ። «ሕዝቡ ለምን አይስቅበትም? ለምን አይጠላውም? ይኸ ሰላይ ሰው ይመስላል እኮ! መነጽሩን መልስ! ባርኔጣም ጨምርበት!»

ሁለት ጌታ ያለው አገልጋይ የቱን እንደሚሰማ ይጨንቀዋል። ቀጥለን ኡካ ከተማ ስንሄድ ካድሬውም ቀያሹም መጡ፤ ካድሬው በቀኝ፣ ቀያሹ በግራ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ወደ ቀኝ ሲዞር መነጽሩን አደረገ፣ ወደ ግራ ሲዞር አወለቀ፤ አደረገ፣ አወለቀ። ሕዝቡ ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። ስንጨርስ ካድሬው «አየህ፣ መነጽሩ ነው» አለው። ቀያሹም ቆይቶ ጠጋ ብሎ፣ «አየህ፣ ማውለቁ ነው» አለው።

ክረምቱ ካበቃ በኋላ ቀያሹ ከከተማው ታጣ። ተዛወረ ያለ አለ፤ ታሰረ ያለም አለ። ሚስቱና ልጆቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ጠይቆ ያጣራ አልነበረም። ከማን ይጠየቃል?

መቱ ግን ያለ ጆሮ ጠቢ መኖር አልለመደችምና ተተኪ ፈለገች። ልብስ ሰፊው እዚያ ቢሮ ሲገባ ታይቷል፤ ሻይ ጠጥቶ ወጥቷል፤ የሰላዩን አካሄድ አጥንቶ ቡሬን በሙሉ አስደንግጧል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አንድ ቀን ሱቁ ስሄድ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ አገኘሁት።

«መምህርት፣ ሰው ከእኔ ጋር መጫወት ተወ» አለኝ። «ዳማ ከሚጫወቱበት ስደርስ ሁሉም ሥራ ትዝ ይለዋል። ወገብ ልለካ ስጠጋ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣል። ትናንት አንዱ ሱሪ ላሰፋ ብሎ መጥቶ፣ ገና ሜትሩን ሳነሳ ‹ባለፈው ስብሰባ የቀረሁት አሞኝ ነው› አለኝ። ምን ልበለው?»

«ምን አልከው?»

«‹እግዜር ይማርህ› አልኩት። ይኸው ዛሬ ማር ይዞልኝ መጣ።»

ሳቅኩ፤ እሱም ቆይቶ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የሚሰፋ ነገር ባይኖረኝም ወደዚያ ሱቅ እግሬ በዛ። በከተማው ውስጥ ያለ ፍርሃት የሚያነጋግረው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ብሆን የፈለግኩትን የምናገረው ለእሱ ብቻ ነበር። ሰው ባጣ ከተማ ሁለት ሰው መገናኘቱ አይቀርም። በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። አባቴ እንደ ወጉ ሊያንገራግር ይገባው ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ከእሱ ይልቅ ላኪያቸውን ፈርተው ስለነበር፣ ነገሩ ባንድ ቀን አለቀ።

በሠርጋችን ቀን የቀረ ሰው የለም። ያልጠራናቸው መጡ። የተጣሉን መጡ። ከሶር ወንዝ ማዶ እንኳ በዝናብ ተጉዘው የመጡ ነበሩ። ስጦታው የሚቀመጥበት ጠፋ። የመረቁን ሁሉ ከምርቃቱ በፊት አብዮቱን መረቁ፤ አንዱ ሽማግሌማ ደንግጠው እኛን መመረቅ ረሱት።

ከጉራጌ አገር የመጡት አማቴ በክብሩ ተገርመው ልጃቸውን ወደ ጥግ ወሰዱት።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ እንዲህ የወደደህ ምን ብታደርግለት ነው?»

«ሱሪ ሰፍቼለት ነው እማ።»

«ይኸን ያህል?» አሉ።

ችግሩ ሲመሽ ነው የመጣው። ማንም አይሄድም። ቀድሞ የወጣ በክፉ እንዳይታይ ሁሉም እርስ በርሱ እየተጠባበቀ ተቀምጧል። ምግቡ አልቋል፣ መጠጡ ተሟጧል፤ ልጆች እናቶቻቸው ጭን ላይ አንቀላፍተዋል። በመጨረሻ እኔ ሙሽራዋ ቬሌን ሰብስቤ ተነሣሁና፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ፣ እባካችሁ ወደየቤታችሁ ሂዱ ብዬ ለመንኳቸው። ባሌን አዩት። እሱ ራሱን በእሺታ ሲነቀንቅ፣ ባንድነት ብድግ ብለው ወጡ።