ዛልቃ ላይ ቀጥ ያለው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ኮምፒውተሩን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልሎ ደሴ ወዳለችው የጥገና ሱቄ ይዞልኝ መጣ። ቫይረስ ሳይበላው እንዳልቀረ ነገረኝ። ሰክቼ ሳስነሳው ጥቂት ሠራ፤ ከዚያ ነጫጭ ፊደላት ጥቁሩን ስክሪን ከላይ እስከ ታች ሞሉትና ቀጥ አለ። ኪቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። ሥራው ለእኔ ቀላል ነው፤ በማግስቱ አስተካክዬ መለስኩለት። በዚያች ቅጽበት ግን ተነሥቼ ያለ ምንም ምክንያት የሱቁን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ያቺን ብልጭታ መጀመሪያ ያየኋት ከቤይሩት በስተሰሜን ዛልቃ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ወደዚያ የሄድኩት የቴክኒክ ኮሌጅ ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ነው። የምማረው የኮምፒውተር ጥገናና ኔትወርክ ነበር፤ አባቴ አልጋ ሲይዝ ግን ደብተሬን አስቀምጬ ቪዛ ፍለጋ ገባሁ። ቤይሩት ውስጥ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ወለል ለመወልወል ማን ይጠይቀኛል?

የምሠራላት ማዳሜ ሱዓድ ትባላለች። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ጡረታ የወጣች የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነበረች። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እላት ነበር፤ በዐረብኛው ሁሉም አንቺ ነውና እዚህም እንደዚያው ልተዋት። ክፉ ሴት አልነበረችም። ከምትበላው ታበላኝ ነበር፤ ሙጀደራ ስትሠራ፣ ያኒ ምስርና ሩዙን በተጠበሰ ሽንኩርት አድርጋ ስታወጣው፣ የኔን ሳህን መጀመሪያ ነበር የምትሞላው። አንድ ልጅ ብቻ አላት፤ ኤሊ ይባላል፣ ካናዳ ነው የሚኖረው። ኤሊን በዐረብኛ «ሐያቲ» ትለዋለች፤ ሕይወቴ ማለቷ ነው። የኔ ስም ደግሞ ሐያት ስለሆነ፣ የተጠራሁ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ከኩሽና እየሮጥኩ ወጥቻለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እሑድ እሑድ እወጣ ነበር። በሚኒባስ ሳብራ ገበያ እወርድና ርካሽ ልብስና ቅመም አገላብጬ፣ ከዚያ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ በሚባለው ሰፈር የወሎ ልጆች ወደተከራዩት ክፍል እሄዳለሁ። ዙህርን፣ የቀትር ሶላታችንን፣ አብረን ሰግደን፣ በእጃችን በልተን፣ በአማርኛ ስቀን እንለያያለን። በፈረንጆቹ 2019 መኸር ሕዝቡ ለተቃውሞ ወጥቶ አውራ ጎዳናው ላይ ጎማ ማቃጠል ሲጀምር ማዳሜ «መንገዱ ይከፈት፣ ከዚያ ትሄጃለሽ» አለች። መንገዱ ተከፈተ፤ ክረምታቸው ገባና ዝናብ ሆነ። በታኅሣሥ ኮንትራቴ አለቀ። «ኤሊ ለፋሲካ ሲመጣ ወረቀትሽን ይጨርስልሻል» አለች። ከፋሲካው በፊት ኮሮና መጣና አየር ማረፊያው ተዘጋ። ከመጋቢት ጀምሮ የውጭው በር ከውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉ በቤት ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነው። ፓስፖርቴ ቁምሳጥኗ ውስጥ ነው። አንድ ቀን በግልጽ «አትወጪም» ብላኝ አታውቅም። ሁልጊዜ ከፊት የሚቀድም አንድ ነገር ነበር።

ሰው የማገኘው በኩሽናው ባልኮን ብቻ ሆነ። ከፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ትግስት የምትባል የናዝሬት ልጅ ትሠራ ነበር። ጴንጤ ናት፤ ልብስ ስታሰጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትዘምራለች። ምንጣፍ እያራገፍን፣ በሁለቱ ሕንፃዎች መሐል ባለው ክፍት ቦታ ላይ እናወራለን።

ማዳሜ ኤሊን የምታየው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እሱ ድሮ ይማርበት በነበረው ክፍል ባለው ኮምፒውተር ነው። የእጅ ስልኳ ባለ ቁልፍ አሮጌ ነበር። በስልክ ድምፁን መስማት ትችላለች፤ ግን ፊቱን ካላየች ታሟል ወይስ ደህና ነው የሚለውን እንደማታምነው ትናገር ነበር። ታዲያ ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን እያወሩ ሳለ የኤሊ ፊት አፉን እንደከፈተ ቀረ። ነጫጭ ፊደላት መጡ፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች። አጥፍተን ስናስነሳው ሠራ፤ ከኤሊ ጋር ሲገናኙ ግን ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላው እንደገና ቀጥ አለ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እንዲሁ።

መጀመሪያ በካህራባው፣ በመብራት መቆራረጡ አመካኘች። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች።

«በእርጥብ ጨርቅ ነካሽው» አለችኝ።

በደረቅ እንደማጸዳው ነገርኳት። አልሰማችኝም። ኤሊ በስልክ ሲነግራት እሷ አይገባት፣ ስልኩን ለኔ አትሰጥ፤ ጠጋኙ ሁሉ ሱቁን ዘግቷል። በመጨረሻ ኩሽና በር ላይ ቆመችና «ኸላስ፣ በቃ፣ ልጄን እስካላየሁ ስለ አገርሽ እንዳታነሽብኝ» ብላኝ ሄደች።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ነክቼው ቢብስበት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ብሠራው ደግሞ፣ እንዴት እንደሚበላሽ ስለማውቅ ነው የሠራሁት ትላለች። ለትግስት በባልኮኑ ነገርኳት። «የምታውቂውን ደብቀሽ ከምትታሠሪ ተናግረሽ ታሠሪ» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ለማዳሜ እውነቱን ነገርኳት፤ ኮሌጅ የተማርኩት ይህንኑ እንደነበር። ወንበሩን ሳበችልኝ። እሷም ከጎኔ ተቀመጠች፤ እጄን ለመጠበቅ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ላስረዳ። ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉን የሚያዝ ከርነል የሚባል ዋና ፕሮግራም አለ። ለካሜራው፣ ለድምፁ፣ ለኢንተርኔት መቀበያው ደግሞ ሞጁል የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ከከርነሉ ጋር ይያያዛሉ። ከርነሉ በየጊዜው ይታደሳል። አንዱ ሞጁል ሳይታደስ ቀርቶ በግድ ከተገጠመ፣ መንካት የሌለበትን ይነካል፤ ከርነሉም የባሰ እንዳይመጣ ሁሉን ነገር ቀጥ ያደርጋል።

ይህን ያኔ በደንብ አላውቀውም ነበር። ሳጥኑን ፈትቼ የዓመታት አቧራ አወጣሁ፤ ሜሞሪውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው ነው። ከዚያ በሞተ ቁጥር የመጡትን ፊደላት የማዳሜ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በእርሳስ መገልበጥ ጀመርኩ። ብዙው አልገባኝም። በአምስተኛው ግልባጭ ላይ ግን አንድ ስም በሁሉም ውስጥ እንዳለ አየሁ። ስሙን ስከታተለው የኢንተርኔት መቀበያዋ ሞጁል ሆኖ ተገኘ፤ ኤሊ ከመሄዱ በፊት ከኋላ የሰካት ትንሽ አንቴና ናት። አንቴናዋን ነቅዬ ኮምፒውተሩን ቀኑን ሙሉ ከፍቼ ተውኩት፤ አልሞተም። ሰካኋት፤ ሞተ። ኤሊ ያን ሞጁል ከዓመታት በፊት ራሱ አውርዶ ያስገባው ነው። ከርነሉ ሲታደስ ሞጁሉ ከአሮጌው የፕሮግራም ጽሑፉ በራሱ እንደገና እየተሠራ ከአዲሱ ጋር ይገጠም ነበር።

ማሽኑ ሲነሣ ቁልፍ ተጭኖ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ እንደሚቻል ከኮሌጅ ትዝ አለኝ። ወደ ታች ሁለቴ፣ ከዚያ ኤንተር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኤሊ መጣ፤ ለአንድ ሰዓት አወሩ፤ ምንም አልሆነም። ማን ሠራው ብሎ ሲጠይቃት «ሠራነው» አለችው። እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

ከዚያን ቀን በኋላ ቤቱ ለኔ ተለወጠ። ረመዳን ገብቶ ነበር፤ ማዳሜ ክርስቲያን ብትሆንም ለማፍጠሪያዬ ቴምር ታስቀምጥልኝ ጀመር። አኪዲንያ የሚሉት ብጫ ፍሬ ከታች ግቢ ሲደርስ የበሰለውን መርጣ ልጣ ትሰጠኛለች፤ ጭማቂው በክንዴ ላይ ሲወርድ ትስቃለች። «ቢንቲ» ትለኛለች፣ ልጄ። በየቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ትጠራኝና ከርነሉን እመርጥላታለሁ። ሥራዬ ተወደደልኝ፤ ደስ አለኝም፤ ምን ልዋሽ። ዒድ ሲቃረብ ቀስ ብዬ፣ አየር ማረፊያው ሲከፈት እንድታሳፍረኝ ጠየቅኳት። የያዘችውን ፍሬ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ከሄድሽ ኤሊን ማን ይከፍትልኛል?» አለች።

በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በልመና ነው የተናገረችው። ኩሽና ገብቼ የቧንቧውን ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። በገዛ እጄ አንድ ቁልፍ ጨምሬ መቆለፌ ያኔ ገባኝ። ያ ማሽን ያለ እኔ እስካልሠራ ድረስ እኔም አልወጣም።

መፍትሔው አሮጌውን ሞጁል አውጥቶ አዲሱን ማስገባት ነው። ለዚያ ደግሞ የኤሊ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ማዳሜ «ይሠራ የለ? አትንኪው» እያለች ከኤሊ ጋር አላገናኝ አለችኝ። ስለዚህ ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ሆን ብዬ አዲሱን ከርነል መረጥኩ። ኤሊ እየሳቀ አንድ ነገር ሲነግራት ፊቱ ቀጥ አለ። ማዳሜ እጇን ስክሪኑ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ በቀድሞው ከርነል አስነሣሁት፤ ያኔ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ እንዳነጋግረው ፈቀደች። ኤሊ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ እናቱ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ እንጂ እንግሊዝኛ አታውቅም። የሞጁሉን ስም ነገርኩት፤ ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ ወደ ካሜራው ቀረበ። የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። የይለፍ ቃሉን ሰጠኝ፤ አሮጌውን ሞጁል አወጣሁ፣ አዲሱን አውርጄ አስገባሁ። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። ማንም ምንም ሳይመርጥለት ኤሊ መልሶ መጣ።

«አሁን ያለ እኔ ይሠራል» አልኩት። ድምፄን ሳልለውጥ፣ ዓይኔንም ከኪቦርዱ ሳላነሣ ቀጠልኩ። «ኮንትራቴ ካለቀ ወራት አልፈዋል። ፓስፖርቴ እናትህ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። በሩ ከመጋቢት ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። አገሬ መግባት እፈልጋለሁ።»

የኤሊ ምስል እንደገና የቀረ መስሎኝ መብራቷን አየሁ። ማሽኑ ደህና ነበር።

ማዳሜ «ምን ትላለች?» አለችው።

«አንድ የቀረ ሥራ አለ ትላለች፣ ማማ።» ከዚያ ወደኔ በእንግሊዝኛ፣ «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለኝ።

ከሁለት ዓመት በላይ በየቀኑ በስክሪኑ ጥግ ስኒ ይዤ ሳልፍ ያየኝ ነበር። ይህን አልነገርኩትም። «ዛሬ ነው የጠየቅከኝ» አልኩት።

እናቱ ብቻዋን መሆኗን፣ አየር ማረፊያውም መዘጋቱን ነገረኝ፤ እስኪከፈት እንድታገሥም ለመነኝ። እስኪከፈት እታገሣለሁ፤ በሩ ግን ዛሬ ይከፈት አልኩት። ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አድርጎ በዐረብኛ ለእናቱ ሁሉንም ነገራት። ረጅም ነበር። ማዳሜ ተነሥታ ክፍሏ ገባች።

ሁለት ቀን ሳህኔን ሞልታ ጠረጴዛው ላይ ትተወዋለች፤ ስገባ ትወጣለች። በሦስተኛው ጠዋት ቁልፉን ከዳቦው አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። በሩን ከፍቼ አራቱን ፎቅ በእግሬ ወረድኩ። ጎዳናው ባዶ ነበር፤ አስፋልቱ ገና በጠዋት መሞቅ ጀምሯል፤ መንኡሼ ከሚሉት ቂጣ መጋገሪያው የዛዕተር ቅመም ሽታ ይመጣል። ትግስት ከላይ አይታኝ የምታሰጣውን ልብስ እንደያዘች ቆማ ቀረች። የምሄድበት አልነበረኝም። እስከ ማዕዘኑ ሄጄ ተመለስኩ፤ ፎቁን ወጥቼም በሩን ሳልቆልፍ ገርበብ አደረግኩት። ማዳሜ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። «ተመለስሽ?» አለች። ዳቦ እንዳለ፣ ቁርስ እንዳላቀረብኩ ነገርኳት።

በሐምሌ አየር ማረፊያው ሲከፈት ፓስፖርቴን ራሷ በእጄ ሰጠችኝ። ከበሩ ላይ አቀፈችኝና «ሜርሲ፣ ሐያት» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ብዙም ሳይቆይ የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ ደሴ ሆኜ ሰማሁ። ዛልቃ ድረስ መስተዋት እንደረገፈ፣ ማዳሜ ግን እንደተረፈች ትግስት ደውላ ነገረችኝ። በኋላ ኤሊ ወደ ካናዳ ወሰዳት።

ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር ሁሉም በማዳሜ ይፈርዳል። ያስፈርዳልም፤ ሰውን መቆለፍ በምንም አይታጠብም። እኔ ግን ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። በእነዚያ ሳምንታት፣ የቀድሞውን ከርነል በየቀኑ ስመርጥላት፣ እንዴት እንደሚመረጥ ላስተምራት እችል ነበር። ወደ ታች ሁለቴ፣ ከዚያ ኤንተር፤ ዓይኗ ባያይ ጣቷ ይለምደዋል። ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረች ሴት በአንድ ቀን ትይዘው ነበር። አንድም ቀን አላሳየኋትም። ስትጠራኝ መሄድ፣ መፈለግ ጣፍጦኝ ነበር። ዛሬ ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ ዕቃውን ከማስረከቤ በፊት ወንበር ስቤ አስቀምጠዋለሁ፤ በራሱ እጅ እስኪያደርገው ድረስም አለቀውም። ደንበኞቼ ትዕግሥተኛ ናት ይሉኛል። እኔም አላርማቸውም።