ማን አጠባት?

የቧንቧ ውሃ ባለበት ግቢያችን ቲያትር ስለማመድ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው የሚመለከቱኝ አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ። ሥራቸው ጀናዛ ማጠብ ነው። በሰፈራችን ሙስሊም ሴት ስትሞት አጥበው ከፈን የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው።

እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ጥቂት መምህራን ሆነን የአንድ ጥንታዊ እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት ሥራ ወደ አማርኛ መልሰን ኮምቦልቻ ላይ ልናሳይ ተነሥተን ነበር። ለእኔ የደረሰችኝ ባሏን ገፋፍታ፣ ቤታቸው በእንግድነት ያደረውን ንጉሥ የምታስገድል ሴት ናት። በኋላ በእንቅልፍ ልቧ እየተነሣች እጇን ታጥባለች። ደሙ አይለቅላትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያችን ቦታ ስደጋግም ጎረቤቴ አጥሩን ዞረው መጡ።

«ምን ነክቶሽ ነው ያለ ውሃ የምትታጠቢው?»

ታሪኩን ነገርኳቸው።

«እንግዳ? እቤቷ የገባ እንግዳ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አዑዙ ቢላህ!» ግቢው ውስጥ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። «መጨረሻዋስ?»

«ትሞታለች።»

«ማን አጠባት?»

ኮሌጅ ሳለሁ ስለዚህ ተውኔት ገጽ በገጽ ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ይህን የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

«አልተጻፈም» አልኳቸው።

እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተመለከቷቸው። ከዚያ በጦርነቱ ወራት የሆነውን ነገሩኝ። ከሰሜን የተፈናቀለች አንዲት ወጣት በራቸውን ብታንኳኳ ሦስት ቀን አስጠግተዋታል። በአራተኛው ቀን ቤት ለቤት ሊፈተሽ ነው ተብሎ ሲወራ ፈሩ።

«ወላሂ፣ ሂጂ አላልኳትም» አሉኝ። «ሻርፗን አጣጥፌ እጇ ላይ አኖርኩላት። ገባት።»

በማግስቱ ከከተማችን በሚወጣው በገራዶ መንገድ ዳር ተባራሪ ጥይት መትቷት ተገኘች። እንዲያጥቧት የተጠሩትም እሳቸው ነበሩ።

«ታውቂያታለሽ ወይ ሲሉኝ፣ አላውቃትም አልኩ። አላውቃትም እያልኩ አጠብኳት። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳጥብ የማየው የሷን ፊት ነው።»

ኮምቦልቻ ላይ ያሳየን ዕለት አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። አዘጋጁ እጄን እያሻሸሁ እንድጮህ ነበር ያሠለጠነኝ። አልጮህኩም። ጣት በጣት፣ እስከ ክርን፣ የሌላ ሰው እጅ እንደያዘ ሰው ቀስ ብዬ አጠብኩ። ቀና ስል እትዬ በሩ ጋ ቆመዋል። ቲያትሩ ሳያልቅ ወጡ።

ከሳምንት በኋላ እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ እንድመጣ ላኩብኝ። ልጅቷ የአገሯንና የእናቷን ስም ነግራቸው ኖሯል። «ልጅሽን አውቃታለሁ ብለሽ ጻፊልኝ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላስጨመሩኝም። ደብዳቤውን ወደዚያ ለሚነዳ የሚኒባስ ሾፌር ሰጠነው።

እናትየው በሁለተኛው ወር መጣች። ቀጭን ናት፣ ጥቁር ለብሳለች። ሁለቱ ሴቶች ወደ መቃብሩ ሲሄዱ አየኋቸው። ከዓይኔ እስኪሰወሩ ጎን ለጎን ነበሩ።

እናትየው ከሄደች በኋላ ጎረቤቴ ዘንድ ገባሁ። አልጋውን ሳያነጥፉ አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ» አሉኝ። «አላለችኝም። ግን እቤቴ ሁለት ሌሊት አደረች።»

«እርስዎስ ተኙ?»

«እንዴት ብዬ? ትንፋሿን ሳዳምጥ ነጋ።»

ተማሪዎቼ ስንት መቶ ዓመት ያለፈው የፈረንጅ ቲያትር ምን ያደርግልናል ይሉኛል። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት እላቸዋለሁ። ያች ሴት የምትታጠብበት ቦታ ሲደርሱ ክፍሉ በራሱ ጸጥ ይላል። ኮምቦልቻዎችም ድገሙልን እያሉ ነው። ዘንድሮ ልንደግመው ተስማማን፤ የእኔን ቦታ ግን ሌላ መምህርት እንድትጫወተው ለመንኩ። ለምን ሲሉኝ፣ «ያ አጠባጠብ የእኔ አይደለም፤ የሰው ነው» አልኳቸው።