የአባባ ገቢና

አያቴን ሌላው ሰው በጸሎታቸው ያስታውሳቸው ይሆናል፤ እኔ የማስታውሳቸው በገቢና ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ ሰው ስለነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም በማንም መኪና ከኋላ ተቀምጠው አያውቁም። ከሹፌሩ ጎን ሆነው «ቀስ በል ልጄ» ማለት ሥራቸው ነበር።

ከቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን ጋር ኢየሩሳሌምን ልንሳለም የሄድን ጊዜ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ገቢናው የአስጎብኚው ወንበር ነበር። አባባ ተቀመጡበት። አስጎብኚው እስከ ቤተልሔም ድረስ ቆሞ አስረዳን። ሹፌሩ አማርኛ አይሰማም፤ ሆኖም ውሎ አድሮ «ቀስ በል» ሲሉት ፍሬን መያዝ ጀመረ።

«አባባ፣ እርስዎ የመጡት ሊሳለሙ ነው ወይስ ሊነዱ?» አልኳቸው።

«በሰላም ካልደረስን ምኑን እንሳለማለን?» አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ቀበርናቸው። ስንመለስ እናቴ፣ ሁለት አክስቶቼና አጎቴ ከኋላ ተጣበው ተቀመጡ፤ ገቢና የገባ የለም። ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ቢጫው መብራት ሳያመልጠኝ ልለፍ ብዬ ነዳጅ ሰጠሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ዝምታው አስደነገጠኝና ፍሬን ያዝኩ።

እናቴ ከኋላ ሆና፣ «አንተም ሰማሃቸው?» አለችኝ።