ሰባት ቤት የቆጠሩልኝ ሰው

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። የናዝሬት ሰው ጥራጊውን በየደጁ እያቃጠለ ጢሱ እስከ ጓዳዬ ገብቷል። ባለቤቴ በየነ በሕይወት ሳለ ደጃችንን የሚጠርገው እሱ ነበር። ዘንድሮ የጎረቤት ልጆች ጠረጉልኝ።

እናትና አባቴን የወሰዳቸው የኅዳር በሽታ ነው። እኔ ጡት አልጣልኩም ነበር። አንድ የቡልቡላ ነጋዴ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ዳቦ ትሸጥ ለነበረችው ለእማማ ድንቄ አስረክቦኝ፣ እሱም በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ መንገዱን ቀጠለ። እማማ ሞቷል ብላ ተወችው። እንደ ልጇ አሳደገችኝ፤ ዘሬን ግን ከየት ታምጣ?

ለዐቅመ ሔዋን ስደርስ በየነ ሽማግሌ ላከ። አባቱ አቶ ወልዴ እንደ ወጉ ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ። እማማ እንዴት እንዳገኘችኝ ነገረቻቸው።

«ወንድሜ ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር በዚያው በሽታ፣ በዚሁ አገር ጠፍቷል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይቺ ልጅ የሱ ብትሆንስ? እህቱን ላጋባው?»

ከዚያ ወዲያ የበየነን ፊት ማየት ፈራሁ። እሱ ግን በቅሎ ተውሶ፣ አቧራው ግራሩን ባለበሰበት በዚያ በጋ ቡልቡላ ድረስ ወረደ። ሲመለስ አንድ ሽማግሌ አስከትሎ ነበር፤ ኦቦ ገመዳ፣ ያው ነጋዴ።

«ሞተዋል ብለን ነበር እኮ» አለች እማማ።

«ሚስቴም እንደዚያ ብላ አልቅሳ ጨርሳ ነበር። ስመለስ ተቆጣችኝ» አሉ። «ድኜ ልጅቷን ፍለጋ ብመጣ ሰፈሩ ተበትኗል። አልቀዋል አሉኝ።»

«ሞጆ ሸሽተን ነበር።»

ሽማግሌው አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «ያ ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ ቱፋ የአጎቴ ልጅ ነው።» ከዚያ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር፤ ቱፋ የጉደታ፣ ጉደታ የሮባ፣ ሮባ የዋቆ… ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ አቶ ወልዴ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ይበቃል፣ ከኛ ጋር አይገናኝም።»

«ምኑ ይበቃል? ገና መሞቄ ነው። የእናቷ ወገን አለ» ብለው ኦቦ ገመዳ ቀጠሉ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እማማ ተከትላኝ መጣች።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም?»

«ደስ ብሎኛል። ስማቸውን እየጠራሁ ነው።»

እስከዚያ ቀን ወላጆቼን በስም ጠርቼ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ሳለቅስ ደረቴ ቀለለኝ፤ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና ከብዙ ቀን በኋላ በየነን ቀና ብዬ አየሁት።

አሁን ልጆቼ «እማዬ፣ አታልቅሺ» ይሉኛል። ማልቀስ እንደሚያሳርፍ እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ከአልጋዬ ላይ ቱፋን እጠራለሁ፣ እናቴን ጫልቱን እጠራለሁ፣ መጨረሻ በየነን። ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል።