ባለ ካልሲው ዘበኛ

የቤተ ሙከራው ዘበኛ ጫማውን በር ሥር አውልቆ በካልሲ ነው የሚመላለሰው። የግራው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ኮሪደሩ ላይ ረጅም ተረከዝ ኳ ኳ ሲል ከወንበሩ ብድግ ይላል።

"እመቤቴ፣ እንደ ድመት! ውስጥ ልጅ እያየች ነው።"

ልጅ የሚላት ተመራማሪዋን ነው። ማይክሮስኮፑን የምታገኝበት የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው፤ ኮቴ ባለፈ ቁጥር መሣሪያው ይርገበገብና ምስሉ ይደበዝዝባታል። የምትፈልገው በቅይጡ ብረት ውስጥ የአተሞች ሰልፍ የተዛነፈበትን እንከን ነው። ሌላው ቦታ አተሞቹ እንደ ኮሪደሩ ባለ አራት ማዕዘን ንጣፍ አንዱን ቅርጽ ይደጋግማሉ። እንከኑ ላይ ግን ባለ አምስት ጎን ይሆናሉ። በባለ አምስት ጎን ብቻ ወለል ቢነጠፍ ክፍተት ይቀራል፤ እነሱ ግን ሌላ ቅርጽ ጣልቃ እያስገቡ ይገጥማሉ። ንድፉ ሥርዓት አለው፣ ራሱን ግን ፈጽሞ አይደግምም። እንዴት ደስ ይላል!

ከቀትር በኋላ ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ወረቀት ላይ አትማው ወደ ዘበኛው ሮጠች።

"ጋሼ፣ በእርስዎ ነው የተገኘው! እግዜር ይስጥልኝ።"

"ይኼ ነው እንከን የምትይው? ዓይን አይግባው!"

"እንዲህ መራመድ የት ለመዱ?"

"ቤት ሕመምተኛ አለችኝ። እንቅልፍ የሚወስዳት ስንቴ ነው ብለሽ?"

ምስሉን መለሰላትና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

አመሻሽ ላይ ተመራማሪዋ ስትወጣ እሱ ወንበሩ ላይ አሸልቧል። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና በቀዝቃዛው ንጣፍ ላይ እንደ ድመት አለፈች።