«ሁሉ አለ» እና ባዶው መደርደሪያ

ባለሱቁን መንደርተኛው «ሁሉ አለ» እያለ ይጠራው ነበር። ደንበኛ የጠየቀውን «የለም» ማለት ለሰውዬው ሞቱ ነው። መርፌ ሲሉት መርፌ፣ ምስማር ሲሉት ምስማር፤ የዣንጥላ ዘንግ ሲሉት እንኳ ባንኮኒው ሥር አጎንብሶ ትንሽ ሲያንኮሻኩሽ ይቆይና ይዞ ብቅ ይላል።

መንግሥት ተለወጠ። በሦስተኛው ወር አንድ ቀጭን ካድሬ መጥቶ ሱቁ የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑን አነበበለት። ሁሉ አለ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ሱቁ ተቀጣሪ ሻጭ ሆነ። በሩ ቀይ ቀለም ተቀባ። ሚስቱ ራቅ ብላ አየችውና፣ «ቀለሙስ አምሮበታል፤ ውስጡ ምን ሊገባ ነው?» አለች።

ውስጡማ የሚገባው መጋዘኑ የፈቀደው ነው። ሳሙና ይመጣል ሲባል ሁለት ጆንያ የኮት ቁልፍ መጣ። ኮት የለ፣ ጨርቅ የለ፣ ክር የለ። ላምባ ሲጠበቅ ደግሞ አርባ የግድግዳ መስታወት ተራገፈ።

«ጥሩ ነው፣ ድህነታችንን ቆመን እናየዋለን» አለች ሚስቱ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ግድግዳም ጆሮ አለው።»

ደንበኛው መምጣቱን አልተወም፤ የሁሉ አለ ምላስም «የለም» ለማለት አልታጠፍ አለ። የአናጢው ሚስት «ሳሙና አለ?» ስትለው፣ «አለ፤ እኔ ጋ አይደለም እንጂ። መምህሩ ዘንድ ሁለት ፍሬ ተርፏል። እሱ ደግሞ የወንበሩ እግር ተሰብሮ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው የሚበላው፤ ባልሽን ላኪለት» ይላታል። ሳሙናው ወዲህ፣ የወንበር እግሩ ወዲያ። ዓመት ሳይሞላ ማን ቤት ምን እንዳለ ከባለቤቱ ይልቅ እሱ ያውቅ ጀመር።

ካድሬው ሰማና ስብሰባ ጠራ። «ጓድ ሻጭ በስውር የግል ንግድ ያካሂዳሉ» ብሎ ከሰሰው።

«ምን ስሸጥ ተገኘሁ?»

«መረጃ።»

የተሰብሳቢውን እኩሌታ ያዋለዱት አሮጊቷ አዋላጅ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ይሄ ሰው ያደረገው ማውራት ነው። ወሬም ተወረሰ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ግን አልሳቀም። ሁሉ አለ ከሥራ ተባረረ፤ በቦታው የካድሬው አማች፣ ባንኮኒው ላይ ማንቀላፋት የሚወድ ጎረምሳ፣ ተተካ።

ሁሉ አለ ሆድ ባሰው። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ተነሥቶ የሚከፍተው በር አጣ። አጥሩ ሥር ኩርምት ብሎ ሲውል ሚስቱን አንጀቷን በላት፤ ማባበል ግን አታውቅበትም። «ተነሥ፣ ድንች ላጥ» አለችው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካድሬው ራሱ አጥሩ ሥር መጣ። የመሪው ንግግር በሬዲዮ ሊተላለፍ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል፤ ሕዝቡን ሰብስቦ ማሰማት አለበት፤ የሬዲዮው ድንጋይ ግን ሞቷል። አማቹን ቢጠይቀው «የለም» ብሎ መልሶ አንቀላፍቷል።

ካድሬው ጉሮሮውን ጠረገና ጓድ ማለቱን ትቶ፣ «ጋሼ» አለ፤ «የሬዲዮ ድንጋይ ይኖር ይሆን?»

ሁሉ አለ ሊበቀለው ይችል ነበር፤ ቂሙም ገና አልወጣለትም። ግን አፉ ቀደመው። «አለ። አዋላጇ የእጅ ባትሪያቸው ውስጥ አራት አዲስ ድንጋይ አላቸው። በጨለማ እንዳያዋልዱ ግን ላምባ ያስፈልጋቸዋል። ላምባው እናንተ ቢሮ በበርሜል ሙሉ ነው።»

ካድሬው በጠራራ ፀሐይ ጀሪካን ተሸክሞ መንደሩን አቋርጦ ሄደ። አዋላጇ ላምባውን አሽትተው ድንጋዩን ሰጡትና፣ «ይሄማ ንግድ አይደለም፣ አይደል ልጄ?» አሉት። ንግግሩ በሰዓቱ ተሰማ።

በሳምንቱ ሁሉ አለ ወደ ባንኮኒው ተመለሰ። ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ ካድሬው ግን ከዚያ ወዲያ በሱቁ ባለፈ ቁጥር ሰማዩን እያየ ያልፋል።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረ። ያም መንግሥት በተራው ወደቀ፤ ሱቁ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ መደርደሪያውም ጢም ብሎ ሞላ። ሁሉ አለ ግን አርጅቶ ነበርና ባንኮኒውን ለሴት ልጁ ለቀቀላት፤ እሱ በሩ አጠገብ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ደንበኛው አሁን የፈለገውን ይገዛና እብስ ነው፤ ቆሞ የሚያወራው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ለሚስቱ፣ «ያ ዘመን ክፉ ነበር፤ ግን ሰው ይጠያየቅ ነበር» አላት።

«እኔ ያለ ሳሙና ልብስ ሳጥብ ነው የኖርኩት» አለችው፤ «እንዴት ነሽ ብሎ የጠየቀኝም የለም።»

እሱም ሳቀና ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ጥላው ሳብ አደረገላት።