አንድ ሰው፣ ሦስት ስም

ያ እሑድ እንደ ሌላው እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ተመልሰን እናታችን የገብስ ቆሎ አቀረበች። ታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው፤ ለሰንበት ወደኛ ይመጣል።

ሥራውን በደንብ ማስረዳት አልችልም። የገባኝን ልጻፍ። ቀበሌው፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ስለ ሰው በየራሳቸው የመዘገቡት አለ። ዲጂታል መታወቂያ ሲመጣ የአንዱን መዝገብ ሌላው እንዲረዳው ያስፈልጋል። ለዚህ አስቀድመው የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ሰው ማለት ምንድን ነው፣ ስም ምንድን ነው፣ ዝምድናስ፣ ቦታስ። እነዚህን ክላስ ይሏቸዋል። ወንድሜ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ እነዚህን ክላሶች ያወጣል። ጎረቤቶቻችን «ክላስ ይሠራል» ሲባል የመማሪያ ክፍል የሚያስገነባ መስሏቸው፣ የኛም ትምህርት ቤት ጣሪያው ያፈሳልና ወደዚህ ይምጣልን ብለው ነበር። ወንድሜም እሺ አላቸው።

ያን ቀን ያስቸገረችው እናታችን ነበረች። ለሙከራ ብሎ የራሱን ቤተሰብ ሲያስገባ ኮምፒውተሩ ሁለት እናት አወጣለት። ቀበሌው የሚያውቃት አባቷ ባወጡላት ስም ነው። ጤና ጣቢያው ግን የያዛት ሙሽራ ሆና ስትመጣ አማቷ ባወጡላት ስም ነው። በኛ አገር ምራት አዲስ ስም ይወጣላታል፤ መንደሩም በዚያው ይጠራታል። የክርስትና ስሟ ደግሞ ሌላ ነው።

«አባባ ሁለት ሚስት ነበረው እያለኝ ነው» አላት።

«ነፍሱን ይማረውና አባትህ አንዷንም አልቻላት» አለች።

ከዚያ ነገሩን አስረዳን። ጓደኞቹ ስምን ሰው በሚለው ክላስ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ አድርገውታል። እሱ ደግሞ ስም ራሱን ችሎ ክላስ ይሁን፣ ማን እንዳወጣውና የት እንደሚጠራበትም አብሮ ይያዝ ይላል። ካልሆነ እንደ እናታችን ያለች ሴት ወይ ሁለት ሰው ትሆናለች፣ ወይ ደግሞ መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ «አንቺ እሷ አይደለሽም» ትባላለች። ሰኞ ደብረ ታቦር ስብሰባ አለ፤ እዚያ ይወሰናል።

«አንቺ አንድ ነሽ፤ ስምሽ ግን ሦስት ነው» አላት።

«ይህን ቄሱ እንዳይሰሙህ፤ ንስሐ ይሰጡሃል።»

ሳቅን። ከብቶቹን ውኃ ላጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ሄዷል።

ሰኞ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም።

ማክሰኞ ቀበርነው። አብሮት ክላሶቹን ከሚያወጡት አንዱ ለቀብር መጥቶ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። እናታችን ነገረቻቸው። ካህናቱም በዚያ ስም ፈቱት። እኔ ራሴ ያን ስም ከሰማሁት ቆይቻለሁ።

እንግዳው እኛው ዘንድ አደረ። በማግስቱ ጠዋት እስከ መኪናው መንገድ ሸኘሁት። ስብሰባው ለሳምንቱ መጨረሻ ተላልፏል፤ ሌሎቹ በአንድ ስም ሊጨርሱት ይፈልጋሉ። እሱም ከነሱ ጋር እንደነበረ አልደበቀኝም፤ ሥራ ይበዛል፣ ጊዜ የለም ይል ነበር። ትናንት ግን ካህናቱ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ሌላ ሰው የሚቀበር መስሎት ዞር ብሎ ማየቱን ነገረኝ።

«እሱ ቢሆን ምን ይላቸው ነበር?» አለኝ።

እንደ ወንድሜ መናገር አልችልም። ቃሉም የለኝም። አሁን ከዚህ ወደ ቀበሌ ነው የምሄደው፣ ሞቱን ላስመዘግብ፣ አልኩት። የእናቱን ስም ይጠይቁኛል። የትኛውን ልበል? ይህን ስብሰባው ላይ ጠይቅልኝ አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ ጻፈው። ቀጥሎ የጠየቀኝን ግን ወንድሜ አልነገረኝም ነበር። ሰው ሲሞት ሰው ከሚለው ክላስ ይወጣል ወይስ ይቆያል?

«ይቆይ» አልኩት። «የሞተበትን ቀን ጻፉ እንጂ አታውጡት። በአርባው ገና ስሙ ይጠራል።»

ይህንንም ጻፈው። መኪናው መጣ። በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ ብሎኝ ተሳፈረ።

ቀበሌው ገና መከፈቱ ነበር። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ነፍስ ይማር ብለው አስቀመጡኝ። የእናት ስም ሲሉኝ ሦስቱንም ነገርኳቸው።

«ቦታው የአንድ ስም ነው፤ ጠባብ ነው ልጄ» አሉ።

«አጠጋግተው ሦስቱንም ይጻፉ» አልኳቸው።